ሐጂ «ለማንኛውም» ያሉት ካሴት

የድሮ ሙዚቃ ነፍስ ነበረው ይላሉ። አልነበረውም። የነበረው የስድሳ ደቂቃ ካሴት ነው። የዛሬ ወጣቶች አንዷን ስንኝ በኮምፒውተር አርባ ጊዜ እየቆራረጡ ሲቀጥሏት፣ የእኔ ዕድሜ ሰዎች ራሳቸውን ይነቀንቁና «በእኛ ጊዜ እኮ ባንዱ አንድ ላይ ቁጭ ብሎ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ከልቡ ተጫውቶ ነበር የሚቀዳው» ይላሉ። አንድ ላይ ቁጭ ያልነው ክፍሉ አንድ ስለነበር ነው። በአንድ ትንፋሽ የተጫወትነው መሳሳት ስለምንፈራ ነው። ልብ የሚሉትን ነገር በዚያ ክፍል ውስጥ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በካሴት አላስቀረነውም። ያላስቀረነውም በእኔ ምክንያት ነው።

ነገሩ የሆነው አምቦ ውስጥ ነው፣ በደርግ ዘመን አጋማሽ። በአውራጃው የኪነት ቡድን ውስጥ ቤዝ ጊታር እመታ ነበር። በቡድኑ ውስጥ ደግሞ ሌላ ቡድን ነበረን። እኛ «ሮክ ባንድ» እንለዋለን፤ የኪነት ኃላፊው በደብዳቤ ላይ «የዘመናዊ ሙዚቃ ንዑስ ክፍል» ይለዋል። አራት ነበርን። ጊታር እየመታ የሚዘፍነው መሪያችን አዲስ አበባ አንድ ዓመት ተምሮ የተባረረ ልጅ ነው። ከትምህርቱ ይዞ የተመለሰው ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ የማይታወቅ አንድ የውጭ ካሴትና እንደ ደመና የተቆለለ ጸጉር ብቻ ነበር፤ ጸጉሩንም ኃላፊው አስቆረጠው። ድራም የሚመታው ከጉደር ወዲያ ያለ የገበሬ ልጅ ነው፤ ምላሱ ከእጁ ይፈጥናል። እኔ ቤዝ የያዝኩት ከአራቱ ክሮች አንዱ ስለማይሠራ ለጀማሪ ይቀለዋል ተብሎ ነው። አራተኛዋ ኦርጋን የምትጫወተው ልጅ ናት፤ ይህ ሁሉ ወሬም የእሷ ነው።

ልጅቷ የጴንጤ ልጅ ነበረች። ያኔ ጴንጤ መባል ስድብ ብቻ አልነበረም፣ ክስም ነበር። አባቷ ጉደር ውስጥ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበሩ። ፈረንጆቹ ሚስዮናውያን ትተውት በሄዱት የኤሌክትሪክ ኦርጋን እየተጫወቱ ምእመኑን ያዘምራሉ፤ በኦሮምኛ የደረሱትም አንድ የራሳቸው መዝሙር ነበራቸው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያኑ ታሸገ። አግዳሚ ወንበሮቹ ለቀበሌ ሄዱ፣ ኦርጋኑ ለኪነት። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም የንብረት ቁጥር ተጻፈበት። ልጅቷም ከኦርጋኑ ቀጥላ መጥታ ተመዘገበች። ወደ ኪነት የገባችው ለአብዮቱ ብላ አልነበረም፤ ጣቶቿ ያደጉበትን ዕቃ ተከትላ ነው። ንብረት ሲወረስ ባለቤቱ አብሮ ሲመጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አባቷ በዚያው ሰሞን ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆነ። ቀኝ እጃቸውም አፋቸውም በግማሽ ቀረ። ኦርጋኑን ከሰሙ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

አንድ ሳምንት ሁለት ደብዳቤ አብሮ ደረሰን። አንደኛው፣ ለክፍለ ሀገር የኪነት ውድድር ማጣሪያ አምስት ዘፈን ቀድታችሁ ላኩ ይላል። ሁለተኛው፣ ኦርጋኑ ለሌላ አውራጃ ተዛውሯል፣ እሑድ ጠዋት መኪና ይመጣል ይላል። የቀረጻው ቀን ቅዳሜ ነበር።

የምንቀዳበት ሱቅ ከነቀምት መንገድ ዳር ነው። ባለቤቱ ከደቡብ መጥተው አምቦ የከተሙ ነጋዴ ናቸው። «ሐጂ» እንላቸዋለን፤ መካ ግን አልሄዱም። እንዲሄዱ ስለምንመኝላቸው ማዕረጉን አስቀድመን ሰጠናቸው፤ በዚያ ዘመን ማዕረግ ከሥራ ቀድሞ መስጠት የተለመደ ነበር። በፊት በኩል ካሴት ይሸጣሉ፤ ደንበኛ በወረቀት ጽፎ ያመጣውን የዘፈን ምርጫም ይቀዳሉ። የኋላውን ጓዳ ግድግዳውን በስፖንጅ ፍራሽና በጆንያ አልብሰው ስቱዲዮ አደረጉት። ራሳቸው ሙዚቃ አይሰሙም። «እኔ የምሸጠው ፕላስቲክ ነው» ይላሉ፤ «ውስጡ ያለውን አላህና ደንበኛው ይወቁት።»

ጓዳው ውስጥ ሁለት ቴፖች ነበሩ፣ ትልቅና ትንሽ። የሁለቱም ማጥፊያ ደክሟል። በተቀዳ ካሴት ላይ ሌላ ነገር ሲቀዱበት የቀድሞው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚያወራ ጎረቤት ከሥር ይሰማል። ሐጂ ይህን ድምፅ «ጅኒ» ይሉታል። ስለዚህ ለቁም ነገር ቀረጻ ደንባቸው አንድ ነው፦ አዲስ ካሴት ብቻ፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ተሳሳታችሁ? የተበላሸውን ትታችሁ ከሚቀጥለው ባዶ ቦታ ትጀምራላችሁ። ደህና የወጣውን እሳቸው በኋላ ለይተው ይገለብጡታል። አዲስ ካሴት ደግሞ በማኅተም የሚገኝ ነገር ነበር። ለእኛ ሁለት ተፈቀደልን።

ትንሹ ቴፕ ሌላ ሥራ ነበረው። ሰው ጓዳቸው ከገባበት እስኪወጣ ድረስ ሐጂ አሮጌ ካሴት ከትተው ያስኬዱታል። «ለምንድነው ሐጂ?» ስንላቸው «ለማንኛውም» ይላሉ። የገባን ቆይቶ ነው። አንድ ሰው እዚያ ውስጥ የማይነገር ነገር ተናግሮ ነገ «ማን አለ?» ተብለው ቢጠየቁ፣ እሳቸው ምንም እንዳላሉ ማስረጃ ይፈልጋሉ። አገሩ ሁሉ የሰውን ንግግር ሲቀዳ ሐጂ የራሳቸውን ዝምታ ይቀዱ ነበር። ሳምንት አልፎ የሚጠይቅ ካልመጣ ካሴቷ ወደ ሣጥኗ ትመለሳለች፤ የአንዱ ደንበኛ ምርጫ ይቀዳባትና ትሸጣለች። እነዚህን ካሴቶች ከሌላው ለመለየት ጥጋቸው ላይ በባለቤታቸው የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ያደርጉባቸዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ኦርጋኑን ከአዳራሹ ወደ ሱቁ የተሸከምነው እኔና እሷ ነን። ድራመሩ ድራሙን፣ መሪያችን ራሱን ተሸክመው ቀድመውናል። መሃል መንገድ ላይ አስቀምጠን ስናርፍ፣

«ስማ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለችኝ።

«ለምኚ።»

«ስንጨርስ ካሴቱ ላይ አምስት ደቂቃ አስቀርልኝ። የአባዬን መዝሙር ልቅዳው። ቃል የለውም፣ ኦርጋን ብቻ ነው፤ ማንም አያውቅብንም።»

«ከሐጂ አሮጌ ካሴቶች በአንዱ ላይ ለምን አትቀጂውም? ሞልቷል እኮ።»

«ከሥሩ የሰው ዘፈን እየተንጫጫ?» አለች። «የአባዬ መዝሙር በሌላ ዘፈን ላይ አይተኛም። ደግሞ ነገ ይሄዳል።» ይህን ስትል ኦርጋኑን መታ መታ አደረገችው፣ እንደ ሰው።

«አምስት ደቂቃሽ በእኔ ይሁንብኝ» አልኳት። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሚቀዳ ካሴት አለን፤ አምስቱ ዘፈን ቢበዛ ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። እኛን ከማወቄ በፊት የሠራሁት ሂሳብ ነበር።

የመጀመሪያው ጠላታችን መንገዱ ነው። ተሳቢ መኪና ከድልድዩ ወጥቶ ማርሽ ሲቀይር ስፖንጅም ጆንያም አያግደውም። መሪያችን መላ መታ። የኪነቱን ትራምፔት ተጫዋች «ሮክ ውስጥ ትራምፔት የለም» ብሎ አግሎት ነበር፤ አሁን ቀይ መሐረብ አስይዞ መንገድ ዳር አቆመው። መኪና ሲመጣ ያውለበልባል፣ ሐጂ በሱቁ በር አይተው እጃቸውን ያነሣሉ፣ እኛ እናቆማለን። ሰውዬው በሥራው ላይ የነበረውን ትጋት ትራምፔቱ ላይ አይቼው አላውቅም። ለመኪና ያውለበልባል፣ ለጋሪ ያውለበልባል። የመጀመሪያውን ዘፈን አራተኛ ጊዜ ካስቆመን በኋላ መሪያችን ወጥቶ ጮኸበት፦

«ብስክሌት እኮ ነው ያለፈው!»

«ደወል ነበረው» አለ ትራምፔተኛው።

ሦስት ሰዓት ላይ የኪነት ኃላፊው እስክሪብቶውን ይዞ መጣ። ጥግ ላይ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠና የሁለተኛውን ዘፈን ግጥም አነበበ።

«እዚህ ጋ ‹የጉደሯ ልጅ ዓይንሽ ገደለኝ› ይላል።»

«አዎ፣ ጓድ» አለ መሪያችን።

«ዓይን ምን ያመርታል?»

መሪያችን ጎንበስ ብሎ ግጥሙን አየ።

«እንባ» አለ ድራመሩ በአፍንጫው።

«ምን አልክ?»

«ምንም፣ ጓድ። ጉንፋን ነው።»

«‹ክንድሽ› በሉት። ክንድ ያመርታል።»

ስለዚህ «የጉደሯ ልጅ ክንድሽ ገደለኝ» ብለን ቀዳን። ያችን ልጅ እስከ ዛሬ ሳስባት ቦክሰኛ ትመስለኛለች። መሪያችን ግን ሁለት ጊዜ ረስቶ «ዓይንሽ» አለ፤ ሁለት ጊዜ ቆመን፣ ሁለት ጊዜ ካሴቱ ወደፊት ሄደ። በቆመ ቁጥር ልጅቷ ዓይኗን ወደ ትልቁ ቴፕ ትልካለች። በግራ በኩል ያለው የክር ጥቅልል እየቀጠነ፣ በቀኝ ያለው እየወፈረ ነው። ከዚያ እኔን ታያለች። እኔም «አለ፣ አይዞሽ» እላለሁ በቅንድቤ።

ሦስተኛው ዘፈን ስለ ወንጪ ሐይቅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ድምፅን ከፍ አድርጎ ረጅም መያዝ ይጠይቃል። የመሪያችን ጉሮሮ በጩኸት ደርቋል። የአምቦ ልጅ ለማንኛውም በሽታ መድኃኒቱን ያውቃል፤ ጄሪካን ይዞ ወደ ምንጩ መሄድ ነው። ሌላ አገር ያለ ዘፋኝ ማር ይልሳል፣ ሻይ ይጠጣል። የእኛው ሰው ከምንጩ በቀጥታ የተቀዳ፣ ገና የሚፈላ የአምቦ ውሃ አንድ ጣሳ ጨለጠና ማይክ ፊት ቆመ። ዘፈኑ እንከን አልነበረውም። ከፍተኛው ቦታ ላይ ደረሰ፣ ድምፁን ያዘ፣ ያዘ፣ ከዚያ ከሆዱ ሌላ ድምፅ ተነሣና ከላይኛው ጋር ተገናኘ።

«ኢጆሌ፣ ኮረስ አገኘን!» አለ ድራመሩ።

«ይህም ተቀድቷል» አሉ ሐጂ ፊታቸውን ሳይለውጡ።

ሌላ ጣሳ ጠጣ፤ ግሳቱን ለማስታገስ። አዎ፣ በአምቦ ውሃ። ስለ ከተማችን ሰው ብልህነት መጽሐፍ ለመጻፍ ካሰባችሁ ይህችን ምዕራፍ በነጻ ውሰዷት።

ሐጂ ለቀትር ሶላት ሲሄዱ የመጀመሪያው ካሴት ሁለቱም ገጽ አልቋል። በእጃችን ሦስት ዘፈን ነበር። ከምሳ በኋላ መብራት ጠፍቶ አንድ ሰዓት ተቀመጥን፤ መብራት ሲመጣ የድራመሩ ዱላ ተሰበረ፤ ዱላ ሲገኝ ትራምፔተኛው ለቀብር አስቆመን። ይህኛው ግን ተገቢ ነበር፣ ሁላችንም ተነሥተን ቆምን። አራተኛው ዘፈን በስድስተኛው ሙከራ ወጣ። አምስተኛው፣ መሪያችን «ንጹሕ ሮክ» የሚለው፣ በአምስተኛው ሙከራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ መኪና፣ ያለ ግሳት፣ ያለ ዓይን አለቀ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። «ስምንት ደቂቃ ቀርቷል» አሉ ሐጂ። ልጅቷ በቀኑ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች።

እዚህ ላይ ማቆም እንችል ነበር። ሐጂ የቀዳነውን መልሰው አሰሙን። ጊታሩ አለ፣ ድራሙ አለ፣ ኦርጋኑ አለ። እኔ የለሁም። ቀኑን ሙሉ ቤዝ ስመታ ውዬ፣ በዓለም ላይ በቀረው ብቸኛ ማስረጃ ላይ የለሁም።

«ቤዙ አይሰማም» አልኩ።

«ቤዝ ደግሞ መቼ ተሰምቶ ያውቃል?» አለ ድራመሩ።

«ማይኩን ወደ እኔ አስጠግተን እንድገመው።»

መሪያችን ወዲያው ተስማማ። የጊታር ሶሎው ላይ ያልተናገረው ነገር ቀርቶታል። ልጅቷ ዞራ አየችኝ።

«አምስት ደቂቃዬስ?»

«ስምንት አለ። ዘፈኑ አራት ነው። አራት ይቀርልሻል።»

«አምስት ነው ያልኩህ።»

«ሰው አምስት ደቂቃ ሲል ሦስት ማለቱ ነው» አልኩ። አነጋገሬ ጥበብ የተሞላ መስሎኝ ነበር።

እምቢ ማለት ትችል ነበር፤ ያለ ኦርጋን ዘፈኑ አይቀዳም። እምቢ አላለችም። ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳርፋ ጠበቀችን።

ቤዙ ግሩም ሆኖ ተሰማ። መሪያችን ግን ሶሎው ላይ ሲደርስ ዓይኑን ጨፈነ። ጊታር መቺ ዓይኑን ከጨፈነ ሰዓት ይቆምለታል፤ የሚቆምለት ለእሱ ብቻ ነው። ድራመሩ በዱላው ሁለት ጊዜ የማብቂያ ምልክት መታለት፣ አልሰማም። እኔ በእግሬ ገፋሁት፣ በስሜት የተወዛወዝኩ መሰለው። ያልተናገረውን ሁሉ ተናግሮ ሲጨርስ ካሴቱ ላይ ከሦስት ደቂቃ ያነሰ ቀርቷል።

ልጅቷ መዝሙሩን ጀመረች። እኔ ለሐጂ በጭንቅላቴ ምልክት ሰጠሁ፣ ትልቁን ቴፕ አስነሡት።

የኪነት ኃላፊው ከጥጉ ቀና አለ። «ይሄ ምንድነው? ስድስተኛ ዘፈን አልተፈቀደም።»

«የርክክብ ፍተሻ ነው፣ ጓድ» አለ ድራመሩ ዓይኑን ሳያርገበግብ። «ነገ ኦርጋኑ ሲሄድ አንድ ቁልፍ አልሠራም ቢሉ በእኛ እንዳይመጣ።»

ኃላፊው ወረቀት የሚሸት ነገር ይወዳል። ወዲያው ደብተሩን አውጥቶ «የኦርጋኑ ቁልፎች በሙሉ በተገቢው ሁኔታ የሚሠሩ መሆናቸውን በጆሯችን አረጋግጠናል» ብሎ ጻፈ። መዝሙሩ በቃለ ጉባኤ የታጀበው በዚህ ዓይነት ነው።

ስለ ጨዋታዋ ብዙ አልልም። ሃይማኖተኛ አይደለሁም፣ ያኔም አልነበርኩም። ቀኑን ሙሉ ያንኑ ኦርጋን ስሰማ ውያለሁ፤ አንድም ጊዜ እንደዚያ አልጮኸም። አንዱን ዜማ አራት ጊዜ ትመልሰዋለች፣ በየዙሩ ትንሽ እየጨመረችበት። ዓይኗን ጨፍናለች። የእሷን መጨፈን ግን ማንም አልቀለደበትም። ድራመሩ ዱላዎቹን መሬት ላይ አስቀመጣቸው።

ሦስተኛው ዙር እንዳለቀ ትልቁ ቴፕ ጠቅ ብሎ ቆመ። ክሩ አልቋል። ሐጂ አዩኝ። እኔ ራሴን ነቀነቅሁ፣ አይንገሯት ለማለት። እሷ አልሰማችም፤ አራተኛውን ዙር ቀጠለች። የመጨረሻው ስንኝ ላይ ዜማው ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ወረደ፣ ዝቅ ብሎ ቆመ። ረጅም መንገድ የመጣ ሰው ደጃፉ ላይ ሸክሙን እንደሚያወርድ።

ከዚያ መሪያችን አገሳ።

«ይቅርታ» አለ። «ውሃው ነው።»

ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ወደ እኔ ዞረች። «ገባ?»

«ገባ» አልኳት።

ሐጂ ማታውኑ መዝሙሩ ያለበትን የክር ጫፍ ቆርጠው ባዶ የካሴት ቀፎ ውስጥ ከተቱትና ለእኔ ሰጡኝ። «ትነግራታለህ» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው። እሑድ ጠዋት ኦርጋኑን መኪና ላይ ስንጭን ካሴቱን ሰጠኋት፤ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ልነግራት የምችልበት ጊዜ ነበረኝ። ገመድ ሳስር ነበር የቆየሁት። ከዚያ ወደ ጉደር ሄደች።

የሆነውን ከሐጂ ነው የሰማሁት። አባትየው ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው፣ ጎረቤት ባመጣላቸው ቴፕ አዳመጡ። ሦስተኛው ዙር አልቆ ድምፁ ሲቆረጥ ጠበቁ። «ባትሪው ነው» ተባለ። ባትሪ ተለወጠ። እንደገና ከመጀመሪያው ሰሙ፣ እንደገና እዚያው ተቆረጠ። ከዚያ ሽማግሌው በግማሽ አፋቸው የቀረውን ራሳቸው አንጎራጎሩት። ሲጨርሱ፣ «እንዳይሰማ ብለው ካድሬዎቹ ቆርጠውት ነው» አሉ። ካድሬዎቹ ባልሠሩት ጥፋት የተከሰሱት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል። ክረምቱ ሳይወጣ አባትየው ሞቱ።

ልጅቷ ከጉደር ወደ አምቦ የተመለሰች ዕለት፣ ቅዳሜው ካለፈ አሥር ቀን ሆኖት፣ በቀጥታ ሐጂ ሱቅ ሄደች። እኔ ጋ አልመጣችም። ሐጂ እሷን ሲያዩ ነው ትንሹ ቴፕ ትዝ ያላቸው። ያን ቀንም እንደ ሁልጊዜው ለማንኛውም ሲሄድ ነበር፤ እሳቸውም እኛም ረስተነዋል። አራቱም ዙር፣ መጨረሻው፣ ሁሉም እዚያ ላይ አለ። ሣጥኑን ገለበጡት። የዚያን ቀን ማብቂያ የያዘችው ባለ ቀይ ነጥብ ካሴት ሳምንቷን ጨርሳ፣ የሰርግ ዘፈን ተቀድቶባት ተሸጣለች። ለማን? «ሰርግ ያለበት ሰው ነው» አሉ። «ከሐሮ ወንጪ ይሁን ከጉደር፣ ወላሂ አላስታውስም።» የአባቷ መዝሙር በሌላ ዘፈን ላይ አልተኛም። ሥር ተኛ።

የእኛ ካሴት ለውድድሩ ተላከ። «ደርሶናል» የሚል ባለ ማኅተም ወረቀት መጣ። የሙዚቃ ሕይወቴ በዚህ አበቃ፤ ሙዚቃም አልተጎዳም።

ባለፈው ዓመት ልጅቷን ጉደር ውስጥ አገኘኋት። ልጅ እላታለሁ እንጂ ጸጉሯ ሸብቷል፣ አስተማሪ ናት። ቤተ ክርስቲያናቸው ከተከፈተ ቆይቷል፤ ሁለት መቶ ዓይነት ድምፅ የሚያወጣ አዲስ ኪቦርድ አላቸው። የአባቷን መዝሙር ትጫወተው እንደሆነ ጠየቅኋት።

«እስከ ሦስተኛው ዙር» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትየው ያን ቀን በግማሽ አፋቸው ያንጎራጎሩት መጨረሻ ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ጣቶቿ የሚያውቁት ሌላ ነው። የትኛው አባቷ የደረሱት፣ የትኛው የሕመሙ እንደሆነ መለየት አቃታት። በወረቀት የተጻፈ ነገር የለም። የቀሩት ሽማግሌዎችም ሁለት ቦታ ተከፍለዋል፤ ግማሾቹ መጨረሻው ይወጣል ይላሉ፣ ግማሾቹ ይወርዳል፣ በዚህም እንደ ወንድማማች ተኳርፈዋል። እኔ ወረደ እላለሁ። ነገር ግን ያን ቀን ጆሮዬ ምን ይሰማ እንደነበር ተናግሬአለሁ፤ የራሴን ቤዝ ነው። እንዲህ ያለውን ምስክር የትኛው ዳኛ ይቀበለዋል?

ይቅርታ ጠየቅኋት። ዘገየሁ እንጂ ጠየቅኋት።

«ምንም አይደለም፣ ኦቦ» አለችኝ፤ «አቶ» እንደማለት ነው፣ እንዲህ ጠርታኝ አታውቅም ነበር። ትንሽ ቆየችና፣ «ቤዝህ ግን ጥሩ ተሰምቷል» አለች።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ስለ ድሮ ሙዚቃ ያለህን ትዝታ ለራስህ አስቀምጠው፤ እኔ ጋ ሞልቷል። ቤትህ ውስጥ፣ የማትጥለውም የማትሰማውም የካሴት ካርቶን አልጋ ሥር አለ። ያንን አውጣው። በዚያ ዘመን ከአምቦ የተገዛ፣ የሰርግ ዘፈን ያለበት፣ ጥጉ ላይ የጥፍር ቀለም ቀይ ነጥብ ያለው ካሴት ካገኘህ፣ ዘፈኖቹን ተዋቸው፤ በዘፈኖቹ መሃል ያለውን ዝምታ ስማው። ከሥር ኦርጋን ከተሰማህ፣ ኦርጋኑ ሲያልቅም ሰው ሲያገሳ ከሰማህ፣ እሱ ነው። አትገልብጠው፣ አታጽዳው፣ በላዩም ምንም አትቅዳበት። ጉደር ውሰድና ለእሷ ስጣት።